አሮጌ ሌንስ በፉል ፍሬም ሚረርለስ ካሜራ ላይ፦ ከጅማ የተቃኘ ዳሰሳ

አሮጌ ሌንስ ስንል የፊልም ዘመን ሌንስ ማለታችን ነው። ፎከሱ በእጅ ይዞራል፤ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ሌንሱ ላይ ባለ ቀለበት ይስተካከላል። ባትሪ አይፈልግም፣ ከካሜራው ጋርም አይነጋገርም። እንዲህ ያለውን ሌንስ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) አዲስ ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት የሌለው ዲጂታል ካሜራ ላይ መግጠም ዛሬ ራሱን የቻለ የፎቶ አሠራር ሆኗል። ጅማ ላይ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። የቡና ጥላው ለእነዚህ ሌንሶች ታስቦ የተተከለ ይመስላል። እርጥበቱ ደግሞ ይበላቸዋል።

ሌንሶቹ ወደ አገራችን የገቡት ባብዛኛው በሻንጣ ነው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቪየት ኅብረትና ምሥራቅ ጀርመን የሄደ ሰው ብዙ ነው። ሲመለስ ዜኒት ወይም ፕራክቲካ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የመጣ አጎት ያለው ቤተሰብ ዛሬም አይጠፋም። ካሜራው ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ጠጥቷል፤ ሸተሩም (ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ደክሟል። ሌንሱ ግን በደህና ከተቀመጠ አሁንም ይሠራል።

ታዲያ ለምን በሚረርለስ? መልሱ ያለው በርቀት ላይ ነው። ማንኛውም ሌንስ ከመጋጠሚያው እስከ ፊልሙ ወይም በዲጂታል ካሜራ የፊልሙን ቦታ እስከያዘው ሴንሰር ድረስ የተወሰነ ርቀት ይፈልጋል። በብሎን የሚገጠመው የኤም 42 ሌንስ 45.46 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። የኒኮን ኤፍ 46.5፣ የሚኖልታ 43.5፣ የካኖን ኤፍዲ 42 ነው። በድሮው ካሜራ ከሌንሱ ኋላ ከፍ ዝቅ የሚል መስታወት ስለነበረ ይህን ያህል ቦታ የግድ ነበር። ሚረርለስ መስታወቱን አስወጣውና ርቀቱ አጠረ። በሶኒ ኢ 18፣ በኒኮን ዜድ 16፣ በካኖን አርኤፍ 20 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከ45.46 ላይ 18 ሲቀነስ 27.46 ይቀራል። አዳፕተር ማለት በቃ ይኸው ነው፤ 27.46 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ባዶ የብረት ቀለበት። ውስጡ ምንም ሌንስ ስለሌለው የምስሉን ጥራት አይነካም።

መስታወት ያለው የኒኮን ዲጂታል ካሜራ ላይ ይህ አይሠራም። እሱ ራሱ 46.5 ስለሆነ የኤም 42 ሌንስ ገና ሲጠጋው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ርቋል። ሌንሱ ባለ 58 ሚሊ ሜትር ከሆነ (ይህ የሌንሱ የፎካል ርዝመት ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሩቁን ያቀርባል) ከ3 ሜትር ትንሽ አለፍ ያለው ነገር ሁሉ አይጠራም። ፊት ለፊት የቆመች ሙሽራ ትጠራለች፤ ከኋላዋ ያለው የጅሬን ኮረብታ ግን ምን ብትታገል ብዥ እንዳለ ይቀራል። አዳፕተሩ ውስጥ ትንሽ ሌንስ በመጨመር ሊስተካከል ይችላል፤ ያኔ ግን ጥራቱ ይቀንሳል።

ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰሩ እንደ ድሮው ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን ነው። በአነስተኛው ኤፒኤስሲ ሴንሰር ላይ 58 ሚሊ ሜትሩ እንደ 87 ሚሊ ሜትር ያሳያል፤ የምስሉ ዳርም ይቆረጣል። የእነዚህ ሌንሶች ጠባይ ያለው ደግሞ ዳሩ ላይ ነው። ዳሩን ከቆረጥክ ምኑን ገዛኸው? በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሶኒ ኤ7 ነው። ኒኮንና ካኖን በ2018፣ ፓናሶኒክ በ2019 ተከተሉ።

ከሁሉም ስሙ የገነነው ሄሊዮስ 44-2 ነው። 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2 (የኤፍ ቁጥር የአፐርቸሩ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። የጀርመኑን የካርል ዛይስ ቢዮታር ንድፍ ተከትለው ሶቪየቶች የሠሩት፣ ከዜኒት ካሜራ ጋር ይሸጥ የነበረ ነው። የሚፈለገው ስለሚጠራ አይደለም። በኤፍ 2 ሲከፈት የጀርባው ብዥታ በሰውየው ዙሪያ እንደ አዙሪት ይሽከረከራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዳር የሚመጣው ብርሃን በሌንሱ ቱቦ ጠርዝ በከፊል ስለሚጋረድ፣ መሃል ላይ ክብ የሆነው የብርሃን ነጠብጣብ ዳር ላይ እንደ ሎሚ ሞላላ ይሆናል። ሎሚዎቹ መሃሉን ከበው ይደረደራሉ። ወደ ኤፍ 4 ከዘጋኸው አዙሪቱ ይጠፋል።

አዙሪቱ ግን በሁሉም ቦታ አይወጣም። ነጭ ግድግዳ ፊት ብታቆመው ምንም የለም። ከጀርባ ብርሃንና ጨለማ የተቀላቀሉበት ብዙ ትንንሽ ነጠብጣብ ያስፈልጋል። የጅማ ቡና የሚያድገው ደግሞ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ዋንዛው፣ ብሳናው ከላይ ይከልለዋል። ፀሐይ በቅጠሎቹ መካከል ተሸንቁራ ትገባለች። ሰውየውን ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ አቁመህ፣ የቡና ዛፎቹ ከኋላው 5 ወይም 6 ሜትር ሲርቁ አዙሪቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ እኔ እመርጣለሁ። እኩለ ቀን ላይ የብርሃን ቁራጮቹ ፊት ላይ ያርፉና ሰውየውን ዥንጉርጉር ያደርጉታል።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ላይ ግን ይህን ሌንስ አልመክርም። የእንጨት ሰገነቱ ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል፣ ጥራት ይፈልጋል። እዚያ ሚር 1 የሚባለው 37 ሚሊ ሜትር በኤፍ 8 ይሻላል፤ ወይም ምን አስጨነቀህ፣ የካሜራህ የራሱ ሌንስ።

ሌሎቹን ባጭሩ። ጁፒተር 9፣ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2፣ ለፊት ፎቶ ልዝብ ነው። የፔንታኮን 135 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ከሩቅ ለማንሳት ይመቻል፤ ሐሙስ ገበያ ላይ ሰውን ሳትረብሽ ለማንሳት (አስፈቅደህ ነው እንግዲህ)። የጃፓኑ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ከሁሉም የተጠናቀቀ ነው፤ አንዳንዱ ግን መስታወቱ ውስጥ ቶሪየም ስላለበት በዕድሜ ብዛት ቢጫ ይሆናል። መስኮት አጠገብ ለተወሰኑ ቀናት ፀሐይ ቢያገኝ ቢጫው ይቀንሳል። ሌንስ ግን ፀሐይን አንድ ቦታ ላይ ሰብስቦ ያቃጥላል፤ መጋረጃና ወረቀት አጠገብ እንዳታስቀምጠው።

አጠቃቀሙን ለመልመድ አንድ ከሰዓት በቂ ነው። በመጀመሪያ በካሜራው ሜኑ ውስጥ ሌንስ ሳይኖር ማንሳት የሚፈቅደውን ትእዛዝ መክፈት ነው፤ አለበለዚያ ካሜራው ሌንስ አላይም ብሎ ሸተሩን አይለቅም። ካሜራው የራሱ ማረጋጊያ ካለው የሌንሱን ቁጥር፣ ለምሳሌ 58 ብለህ ትነግረዋለህ። አፐርቸሩን በእጅህ፣ ሸተሩን በካሜራው ታስኬዳለህ። ፎከስ ፒኪንግ የጠራውን ቦታ በቀለም ያሳያል፤ በኤፍ 2 ግን እሱን ብቻ አትመን። ምስሉን አጉላና ዓይን ላይ አስተካክል። ሄሊዮስ 44-2 ሁለት የአፐርቸር ቀለበት አለው፤ አንዱ ገደብ ያበጃል፣ ሌላው እስከዚያ ገደብ ይከፍታል ይዘጋል። ለቪዲዮ ሰው ይህ ግሩም ነገር ነው፤ ሳይቆራረጥ ይዞራል።

ሰርግ ላይስ? ኬክ ሲቆረስ፣ ሰው ሲጨፍር፣ ሙሽሮች ሲገቡ በእጅ ፎከስ ማሳደድ ጣጣ ነው። አውቶፎከስ ሌንስህን ያዝ። አሮጌውን ለፕሮግራሙ፣ ሙሽሮቹ ረጋ ብለው ለሚቆሙበት ሰዓት አቆየው። የዩኒቨርሲቲ ምረቃም እንዲሁ ነው፤ ጋውኑን ለብሶ ዛፍ ሥር ለሚቆም ተመራቂ አሥር ደቂቃ ብትሰጠው ያምርበታል።

አሁን ወደ ችግሩ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ በክረምት ብቻ አይወሰንም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ይመላለሳል። የአየሩ እርጥበት ለብዙ ጊዜ ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል። እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ሆኖ ይጀምርና መስታወቱ ላይ የተቀባውን ሽፋን ይበላል። ሻጋታው ቢጠረግም የበላው ቦታ አይመለስም።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ በቆንጆ የቆዳ ቦርሳው ከትቼ ክረምቱን ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተውኩት። ለመስቀል ሳወጣው ውስጡ ደመና ለብሷል። ቆዳው እርጥበት ይዞ እንደሚያቆይ ማን ነገረኝ? የቆዳውን ቦርሳ ለጌጥ ስቀለው፤ ሌንሱን አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጡትን የሲሊካ ከረጢቶች ጨምረህ አስቀምጥ። አንድ ሁለቱ አይበቁም፤ ጠቀም አድርገህ ሰብስብ። የእርጥበት መለኪያ ካገኘህ ከ40 እስከ 50 በመቶ መሆኑን እያየህ ያዝ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጠቀም ነው። በየሳምንቱ ብርሃን የሚያይ ሌንስ በቀላሉ አይሻግትም።

ስትገዛ የስልክህን ባትሪ አብርተህ ከኋላ በኩል ወደ ውስጥ አብራ። ድር፣ ጉም፣ የተላጠ ሽፋን ከታየህ ተወው፤ ጥቂት አቧራ ግን ምንም አያደርግም። የአፐርቸሩ ምላሶች ላይ ዘይት አለመኖሩን እይ። ፎከሱን ከዳር እስከ ዳር አዙር። የሶቪየት ግሪስ እየደረቀ ስለሚሄድ ከበድ ቢል አትደንግጥ፤ ካንገጫገጨ ግን ተጠንቀቅ።

አዳፕተሩ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ ማለት ቢከብድም፣ የሚወዛወዝ አትግዛ። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ከልኩ በጥቂቱ ያጥራሉ። ስለዚህ ሌንሱ ላይ የተጻፈው የሩቅ ምልክት እውነት አይደለም፤ ሩቅን በዓይንህ አጥራ። የኤም 42 ሌንስህ ከኋላው ትንሽ ፒን ካለው ደግሞ ፒኑን የሚጫን ከንፈር ያለው አዳፕተር ምረጥ። ያለዚያ ቀለበቱን ብታዞርም አፐርቸሩ ክፍት እንደሆነ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ሌንሱ ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።