«የክብር ጥራዝ» ለማን ነው የሚዘጋጀው?

«ለፕሮፌሰር እገሌ ክብር» የሚል መጽሐፍ በወጣ ቁጥር ምሁሩ ያረፉ መስሏቸው «ነፍስ ይማር» የሚሉ ሰዎች ስላሉ፣ ጉዳዩን ማብራራት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባልደረቦችና የቀድሞ ተማሪዎች ጥናቶቻቸውን አሰባስበው ለአንድ ምሁር የሚያበረክቱት፣ በጀርመንኛ ፌስትሽሪፍት የሚባለው ጥራዝ በመሠረቱ ለሕያው ሰው የሚሰጥ ነው፤ ካረፉ በኋላ የሚዘጋጀው የመታሰቢያ ጥራዝ ይባላል። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት በ2007 እ.ኤ.አ. 40ኛ ቅጹን ለኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪው ለሪቻርድ ፓንክረስትና ለባለቤታቸው ለሪታ ሲያበረክት ሁለቱም በሕይወት ነበሩ፤ ሪቻርድ ያረፉት በ2017 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥራዙን ስንገልጠው የምናገኘው በአብዛኛው ውዳሴ አይደለም። ከአጭር የሕይወት ታሪክና ከሥራዎቻቸው ዝርዝር ቀጥሎ የሚመጡት፣ አንዳንዴም የምሁሩን ሐሳብ የሚሞግቱ አዳዲስ ጥናቶች ናቸው። ተማሪ ለመምህሩ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ያቀርባል ብዬ አላምንም፤ ያስተማሩት ትምህርት በሌሎች እጅ መቀጠሉን በተግባር ያሳያልና።

የሚለያየው ጊዜው ነው፤ አንዳንዱ ለ60ኛ ወይም ለ65ኛ ልደት፣ አንዳንዱ ለጡረታ ይወጣል። ዝግጅቱ ተጓቶ ምሁሩ ሳያዩት የሚያርፉበት አሳዛኝ አጋጣሚም ስላለ፣ ሐዘን ከመግለጻችን በፊት መግቢያውን እናንብብ።