የ6 ደቂቃ እርምጃና የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስዱት ቧንቧዎች ሲጠቡ በውስጣቸው ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የልብ ቀኝ ክፍልም ከአቅሙ በላይ ይሠራል። ይህ የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት ነው። ታማሚው ለክትትል ሲሄድ ለ6 ደቂቃ እንዲራመድ ይደረጋል፤ የተራመደው ርቀትም በሜትር ይለካል። ከዚያ በሚወጣው ቁጥር ዙሪያ ግን የሚወራው ብዙ ነው፤ ሰውንም በከንቱ ያስጨንቃል።

«መራመድ ምን ምርመራ ነው? ዋናው ኢኮ ነው።»

ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ የሚነሳው ተኝተው ነው። የተዳከመ ልብ ደግሞ በእረፍት ጊዜ ችግሩን ሊደብቅ ይችላል። ሲራመዱ ግን ይወጣል።

«ቤተሰብ አብሮ እየሄደ ቢያበረታታ ጥሩ ነው።»

ይህን በደንብ ላስረዳ። ምርመራው 30 ሜትር በሚሆን ኮሪደር ላይ ይደረጋል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ምልክት አለ። ታማሚው በራሱ ፍጥነት 6 ደቂቃ ይመላለሳል። መሮጥ የለም። ቢደክመው ግድግዳ ተደግፎ ያርፋል፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ባለሙያው እርምጃውን እንዳያፈጥንበት ጎን ለጎን አይሄድም፤ በየደቂቃው የሚናገረው ቃል እንኳ የተወሰነ ነው። ማበረታቻ በራሱ ሜትሩን ስለሚጨምር ማለት ነው። ስለዚህ እናት ከኋላ «አይዞህ ልጄ፣ ቶሎ ቶሎ በል» ካሉ፣ የዛሬው ውጤት ካለፈው ጋር አይነጻጸርም። በፍቅር ነው፤ ግን ቁጥሩን ያዛባል።

«ሜትሩ ስንት ዓመት እንደምኖር ይናገራል።»

አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ የልብና የሳንባ ሐኪሞች መመሪያ ከ440 ሜትር በላይ የሚራመደውን ዝቅተኛ ስጋት ላይ፣ ከ165 በታች የሆነውን ከፍተኛ ስጋት ላይ ያስቀምጣል። ይህ የብዙ ሰው ግምት እንጂ የአንድ ሰው ቀጠሮ አይደለም። ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት ትንሽ ይራመዳል፤ ረጅሙ ወጣት እየታመመም 450 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሜትሩን ከዕለት ተዕለት አቅምና ልብ ሲጨነቅ ደም ውስጥ ከሚጨምረው ንጥረ ነገር መጠን ጋር አብሮ ያያል። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ይጠይቁ።

«30 ሜትር ከጨመርኩ ዕድሜዬም ጨመረ።»

ጭማሪው ደስ ይላል፤ ኑሮንም ያቀላል። ነገር ግን የመድኃኒት ሙከራዎች ተሰብስበው ሲታዩ፣ በሜትሩ ጭማሪና በመኖር መካከል ያለው ግንኙነት ደካማ ነው። ስንት ሜትር ጨመረ ከሚለው ይልቅ የደረሱበት ሜትር የተሻለ ይናገራል።

«ጭንብል አድርጎ ብስክሌት መምታትም ያው ነው።»

ያኛው ሌላ ምርመራ ነው፤ ሰውነት የሚጠቀመውን ኦክስጅን በቀጥታ ይለካል። በጣም በሚደክሙበት ሰዓት የሚጠቀሙት ኦክስጅን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በደቂቃ ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ11 በታች ያሳስባል።

«በዚህ ሕመም እንቅስቃሴ ክልክል ነው።»

ድሮ እንዲህ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከጀርመኗ ሃይደልበርግ የወጣ ጥናት ግን በመድኃኒት የተረጋጉ ታማሚዎች በባለሙያ ክትትል ሲለማመዱ አቅማቸው በግልጽ እንደጨመረ አሳይቷል። በራስ ጊዜ ጂም መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። ራስን የሚያስት ወይም የሚያዞር ከሆነ ወዲያው ቆሞ ለሐኪም መንገር ነው።

«የሳንባ ግፊት ሁሉ አንድ ነው።»

በእኛ አገር ብዙዎች የሳንባ ግፊት የሚይዛቸው የልብ በር በሩማቲክ ሕመም ተበላሽቶ ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች የሳንባ ቧንቧዎቹ ራሳቸው ለጠበቡባቸው እንጂ ለእነሱ አይደሉም። ሕክምናውም በሩን ማስተካከል ላይ ነው የሚያተኩረው። ቁጥር ከማወዳደርዎ በፊት የእርስዎ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።