አንድ ሥጋ ከተባልን በኋላ

ወገኖቼ፣ በተክሊልና በቁርባን ተጋብተን «አንድ ሥጋ» ተብለናል። ታዲያ አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን «እኛ» ማለት የሚያቅተን ለምንድን ነው?

ባል ቡሬ ገበያ ሄዶ ይመሽበታል። ሚስት ትደውላለች፣ አያነሳም። ደግማ ደጋግማ ትደውላለች፣ እሱም ጭራሽ ስልኩን ያጠፋዋል። ገና ከደጅ ሳይገባ «ለምን አታነሳም?» ትለዋለች። መልስ የለም፤ እራቱን ቀማምሶ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይተኛል። እሷ «አይወደኝም» ስትል ታድራለች፣ እሱ «መተንፈሻ አሳጣችኝ» ሲል። ሁለቱም ክፉ አይደሉም። ፈርተዋል። ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር ያለው ትስስር ሲያድግም አብሮት እንደሚኖር አስተምሯል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስዎርዝ ደግሞ ሕፃናትን ስታጠና እናቱ ወጥታ ስትመለስ ቶሎ የሚረጋጋ አየች፣ እቅፏ ውስጥም ሆኖ ማልቀሱን የማይተው አየች፣ እንዳላያት ሆኖ የሚጫወትም አየች። እ.ኤ.አ. በ1987 ሃዛንና ሼቨር የተባሉ ተመራማሪዎች ይኸው ጠባይ በትልልቅ ሰዎች ፍቅር ውስጥም እንዳለ ጻፉ።

እስቲ ወደ ጎጃም እናምጣው። ስንቱ ልጅ ነው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ ወደ ዋሸራ ቅኔ ቤት የወጣው? ትምህርቱ በረከት ነው፣ ይህን ማንም አይክደውም። ግን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እየተከላከለ ያደገ ልጅ ሲያመው «እናቴ» ማለትን ትቶ ሕመሙን ዋጥ ማድረግን ሊለምድ ይችላል። ዛሬ ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ምንም» የሚላት ንቋት ላይሆን ይችላል። እሷም ከዘመድ ዘመድ እየተዘዋወረች ካደገች ዝምታው ሁሉ ጥሏት የሚሄድ ይመስላታል።

ስለዚህ የእሷ «እኛ» ከዓይኔ አትራቅ ማለት ይሆናል፣ እሱ ደግሞ «እኔ» ውስጥ ይሸሸጋል። አንድ ሥጋ መሆን ግን መዋዋጥ አይደለም። አዳም «ይህች አጥንት ከአጥንቴ ናት» ያለው ሔዋን ራሷን ችላ ፊቱ ቆማ ነው። (ድብደባ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለነፍስ አባትም ለሕግም ይነገር።)

ደስ የሚለው፣ ይህ ልማድ ይለወጣል፤ አጥኚዎቹም ይሉታል። እግዚአብሔርም ሕፃኗን ስለምትረሳ እናት ሲናገር «እርስዋ ትረሳ ይሆናል፥ እኔ ግን አልረሳሽም» ብሏል፤ በዚህ ላይ የቆመ ሰው የትዳር ጓደኛውን እንደ አምላክ አይጠብቅም።

ወንድሜ፣ «ገበያው አልተፈታም፣ ስጨርስ እደውላለሁ» በላትና በእርግጥ ደውል። እኅቴ፣ ሲገባ ከ«ለምን» በፊት «ፈርቼ ነበር» በይው። ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ስትቀርቡም «እንዲህ አደረገኝ» ብቻ አትበሉ፤ «እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው» በሉ፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት።