የልጃገረድ ሯጮች ጡንቻና አሯሯጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች የረጅም ርቀት ሩጫ ሲጀምሩ የሚሰጣቸው ምክር ብዙ ጊዜ ለአዋቂ ወንድ ሯጭ የተበጀ ነው። ከዚህም የተነሣ በልምምድ ሜዳ እንደ እውነት የሚነገሩ፣ ነገር ግን የልጆቹን አጥንትና ጡንቻ የሚጎዱ አመለካከቶች ሥር ሰድደዋል።

«ጠንክራ የምትሠራ ሯጭ የወር አበባዋ ቢቀር የብቃት ምልክት ነው።» ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። የወር አበባ በልምምድ ወቅት የሚቀረው በአብዛኛው የልጅቷ ምግብ በሩጫ ከምታወጣው ኃይል ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር ነው፤ ሰውነት ያለውን ኃይል ለመቆጠብ የመራቢያ ሆርሞኖችን ይቀንሳል፣ ከእነርሱም አንዱ የሆነው ኤስትሮጅን አጥንትን የሚጠብቅ ነው። አንዲት ሴት ከምታከማቸው የአጥንት ማዕድን 90 በመቶ ያህሉ እስከ 18 ዓመቷ ገደማ ስለሚገነባ፣ በእነዚህ ዓመታት የጎደለውን በኋላ መተካት እጅግ ያስቸግራል። በዚያ ላይ እግር በሩጫ መሬት በረገጠ ቁጥር ከሰውነት ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ የሚሆን ጫና ይቀበላል፤ የሳሳ አጥንት ይህን መሸከም ሲያቅተው በቅልጥም ወይም በእግር መዳፍ ላይ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2013፣ ገና በ17 ዓመቷ፣ በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና የ1500 ሜትር ፍጻሜ የሮጠችው አሜሪካዊቷ ሜሪ ኬይን፣ የወር አበባዋ ለ3 ዓመት እንደቀረና 5 አጥንቶቿ እንደተሰበሩ በ2019 በይፋ ተናግራለች። እስከ 15 ዓመቷ የወር አበባ ያላየች ወይም ለ3 ወር ያህል የተቋረጠባት ልጅ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት፤ አሰልጣኟም ሆነ እናቷ ጉዳዩን ሳያፍሩ ሊያነሡላት ይገባል።

«ቀጭን በሆነች ቁጥር ትፈጥናለች» የሚለውም ከዚሁ ስሕተት የሚወለድ ነው። ፍጥነት የሚመጣው ጡንቻ በቅጽበት ውስጥ መሬቱን በሚገፋበት ኃይል ሲሆን፣ ምግብ ያጠራት ልጅ ግን ሰውነቷ ይህንኑ ጡንቻ ማፍረስ ይጀምራል።

«ዳሌዋ ከሰፋ ሩጫዋ አበቃ።» በጉርምስና ወቅት አጥንት ፈጥኖ ይረዝማል፣ ክብደትም ይጨምራል፤ የወንዶቹን ጡንቻ የሚያዳብረው ቴስቶስተሮን በልጃገረዶች ዘንድ አነስተኛ በመሆኑ ግን ጥንካሬያቸው ከአካላቸው ዕድገት ኋላ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ በአንድ እግር ሲያርፉ የዳሌያቸው ሌላው ጎን ዝቅ ሲል፣ ጉልበታቸውም ወደ ውስጥ ሲያጋድል ይታያል፤ የአንዳንዶቹም ሰዓት ለአንድና ለሁለት ዓመት ሳይሻሻል ይቆያል። ይህ በትዕግሥትና በዳሌ ጡንቻ ልምምድ የሚስተካከል የዕድገት ምዕራፍ እንጂ የችሎታ ማብቂያ አይደለም። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ወልዳ፣ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ዳግመኛ ወርቅ ማግኘቷን፣ በ37 ዓመቷም የኒው ዮርክ ማራቶንን ማሸነፏን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው።

«ክብደት ማንሣት ዕድገቷን ይገታል» ለሚሉ፣ በአሰልጣኝ ክትትል ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ የጥንካሬ ልምምድ የአጥንት ማደጊያን እንደማይጎዳ ይታወቃል። በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ እግር ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ተረከዝን እያነሡ መቆም፣ ገመድ መዝለል ጥሩ ጅምር ነው፤ ጂምም አያስፈልግም። ጡንቻው ሳይወፍር፣ የነርቭ ቅንጅቱና የተረከዝ ጅማቱ ስለሚጠነክሩ ሯጯ በዚያው ፍጥነት አነስተኛ ኃይል ታወጣለች።

«ሁሉም በእግር ፊት አርፈው በደቂቃ 180 እርምጃ መሮጥ አለባቸው።» በእግር ፊት፣ ማለትም በተረከዝ ሳይሆን በጣቶች በኩል ባለው የእግር መዳፍ ክፍል፣ ማረፍ ጫናውን ከጉልበት ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። 180 የሚለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በውድድር ላይ የነበሩ ሯጮችን ከመቁጠር የተገኘ ነው፤ የእርምጃ ብዛት ግን እንደ ፍጥነትና እንደ እግር ርዝመት ይለያያል። እግሯን ከሰውነቷ እጅግ አርቃ የምትጥልና ጉልበቷን የሚያማት ልጅ፣ አሁን ካላት የእርምጃ ቁጥር ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ መጨመር ሊያቀልላት ይችላል፤ እርሱንም በአጭር ርቀት ጀምራ ለሳምንታት ልትለማመደው ይገባል።