የመኪናው «ጥቁር ሳጥን» ምን ይመዘግባል?

አዳዲስ መኪኖች የአደጋ መረጃ መቅጃ አላቸው። ብዙ ሰው ጥቁር ሳጥን ይለዋል፤ መኪና ውስጥ የሚወራውን ሁሉ የሚቀዳም ይመስለዋል። በፍጹም! ድምፅ አይቀዳም፣ የሄዳችሁበትንም ቦታ አይመዘግብም።

መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከኤርባግ መቆጣጠሪያው ጋር አንድ ላይ ነው። በሰላም ስትነዱ አዲሱ መረጃ የቀድሞውን እየተካ ይሄዳል። ግጭት ሲደርስ ግን የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች ይይዛል፦ ፍጥነቱን፣ ፍሬን መያዝ አለመያዙን፣ ቀበቶ መታሰር አለመታሰሩን። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ግዴታ ነው። በአሜሪካ ደግሞ በ2015 የወጣው ሕግ መረጃው የመኪናው ባለቤት ንብረት ነው ይላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ ቴሌማቲክስ የሚባለው፣ መኪናውን በሞባይል ኔትወርክ ከአምራቹ ጋር የሚያገናኘው። ይህ መሣሪያ የራሱ ሲም ካርድ አለው። ያላችሁበትን ቦታና አነዳዳችሁን፣ አደጋ ባይደርስም፣ ለአምራቹ ሊልክ ይችላል። ፈቃዱን የሰጣችሁት ደግሞ የመኪናውን የስልክ አፕ ስትከፍቱ ሳታነቡ «እስማማለሁ» ብላችሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመኪናውን ስክሪን ቅንብር ግቡና መረጃ ማጋራት የሚለውን ፈልጉ። ብዙ መኪኖች ላይ ቢያንስ በከፊል ይዘጋል። ሲዘጋ አንዳንድ አገልግሎት አብሮ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ በተለይ አደጋ ሲደርስ መኪናው እርዳታ የሚጠራበት የድንገተኛ ጥሪ እንደማይነካ አረጋግጡ።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን ጠይቁ። ካልወጣ መኪናው የት እንደቆመ በስልኩ ማየት፣ አንዳንዴም በሩን መክፈት ይችላል።