የወሎ ከያኒ በውክፔዲያ፦ ምንጭና ታዋቂነት እንዴት ይመዘናሉ?

በ2001 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ውክፔዲያ አንድ ከያኒ የራሱ መጣጥፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን በአድናቂዎቹ ብዛት አይወስንም። የሚጠየቀው፣ ከባለ ጉዳዩ ጋር ጥቅምም ዝምድናም የሌላቸው የታመኑ ጸሐፍት ስሙን ከማንሳት አልፈው በስፋት ጽፈውለታል ወይ የሚል ነው። ለሙዚቀኛና ለሠዓሊ ተጨማሪ መለኪያዎች አሉ፤ ትልቅ ሽልማት፣ በታወቀ አሳታሚ የወጡ አልበሞች፣ በሙዚየም ቋሚ ስብስብ የገቡ ሥራዎች። እነዚህም ቢሆኑ የሆነ ቦታ ጥሩ ምንጭ ይኖራል ብሎ ለመገመት ይረዳሉ እንጂ ምንጩን አይተኩም።

ይህ ሚዛን ወሎ ላይ ሲደርስ ይከብዳል። ከአራቱ የታወቁ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው፤ ትዝታና አንቺሆየም ከዚያው ምድር ጋር ይያያዛሉ። ይህ ሁሉ ሀብት የተላለፈው ግን በብዛት በጆሮ ነው። ከደሴ እስከ ወልድያ በየሠርጉ የሚጠራ ማሲንቆ መቺ ስሙ በጋዜጣ አንድም ቀን ሳይወጣ ሊያረጅ ይችላል።

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ምንጭ በማጣት ሳይሆን የባለቤቱን ወገን እንደ ገለልተኛ ምስክር በመቁጠር ነው። የካሴት ሽፋን፣ የኮንሰርት ፖስተር፣ የአርቲስቱ ፌስቡክና ዩቲዩብ ገጽ፣ ቤተሰብ ያሳተመው የሙት ዓመት መታሰቢያ መጽሔት ሁሉም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። የዘፈን ርእስ ወይም የአባላት ስም ለማረጋገጥ ያገለግላሉ፤ ታዋቂነትን ግን አያስረዱም። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ትንሽ ይለያል። አንድ ሰዓት ሙሉ ከያኒው ስለ ራሱ ከተረከና ጠያቂው «እሺ፣ ከዚያስ?» ከማለት ካላለፈ፣ የሰማነው ባለቤቱን ነው። ጋዜጠኛው ሌሎችን ጠይቆ፣ ሥራውን መዝኖ፣ የራሱን ጨምሮ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። ሦስት ድረ ገጾች ያንኑ ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ካወጡትም ሦስት ምንጭ አይደሉም፤ አንድ መግለጫ ሦስት ጊዜ ተገልብጧል ማለት ነው። «አንጋፋው»፣ «ተወዳጁ»፣ «ዘመን የማይሽረው» የሚሉ ቅጽሎች የተደረደሩበት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የማስታወቂያ ልጅ ነው፤ ቅጽሎቹን አውጥተው ምን እንደሚተርፍ ማየት ይበቃል።

ጥሩው ምንጭ በአመዛኙ ወረቀት ላይ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጾች የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ቀዳሚ መፈለጊያዎች ናቸው። ኢንተርኔት ላይ አለመኖሩ ምንጩን አይጥለውም፤ የኅትመቱ ስም፣ ቀኑና ገጹ ከተጻፈ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይ ከወጣው ኢትዮፒክስ ከተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሲዲ ተከታታይ ጋር አብረው የታተሙት ማብራሪያዎች ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም ማብራሪያው ከሚሸጠው ሲዲ ጋር አንድ ላይ የወጣ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ፍለጋው ራሱ ወጥመድ አለው። ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ እየተለዋወጡ ስለሚጻፉ በአምባሰል ዜማዋ የምትታወቀው ማሪቱ ለገሰ በአንዱ ጋዜጣ «ለገሰ»፣ በሌላው «ለገሠ» ሆና ትገኛለች። በስምና በአባት ስም ብቻ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን አንድ ማድረግ ቀላል ስለሆነ የአያት ስም መፈለግ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ዓመት ወደ እ.ኤ.አ. ሲለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ይጨመራል፤ ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት መጻፍ እንጂ አንዱን መርጦ መደምደም አይገባም። «የጁ አውራጃ፣ ወሎ ክፍለ ሀገር» የሚል የትውልድ ቦታም በዘመኑ አጠራር መቀመጥ አለበት። የዛሬው ዞን በቅንፍ ሊታከል ይችላል።

መንዙማ፣ ማለትም የእስልምና መንፈሳዊ ግጥምና ዜማ፣ ለዚህ ሚዛን ጥሩ መፈተኛ ነው። የሸኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ግጥሞች በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛና በደረሳዎች (በእስልምና ትምህርት ተማሪዎች) አንደበት ሲተላለፉ ኖረዋል፤ ጋዜጣ ላይ የሚፈልጋቸው ሰው ብዙ አያገኝም። የታሪክ ተመራማሪው ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናትን የመሰሉ ሥራዎች ግን እንዲህ ላሉ ዑለማዎች ከየትኛውም የመዝናኛ ዜና የሚበልጥ መሠረት ይሆናሉ። በአንጻሩ የደርግ ዘመኑ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን መታወቁ ለእያንዳንዱ አባል መጣጥፍ አያስገኝም፤ የቡድን ዝና በውርስ አይተላለፍም።

ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ቀድቶ በቀጥታ መጻፍ ደግሞ የግል ምርምር ይባላል፤ አይፈቀድም። በ2011 እ.ኤ.አ. በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን ቀድቶ እንደ ምንጭ የመጠቀም ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ የሁሉም መመሪያ ሆኖ ግን አልጸደቀም። ለወሎ አዝማሪዎች ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ቢሆንም የሚያዋጣው መንገድ ትረካውን መጀመሪያ በጥናት መጽሔት ወይም በጋዜጣ አሳትሞ ከዚያ መጥቀስ ነው።

በሕይወት ስላለ ሰው ጥብቅነቱ ይጨምራል። ትዳር፣ ሃይማኖትና ብሔር ያለ ጠንካራ ምንጭ አይጻፉም። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተሰብ በሚኖሩበት ወሎ ከስም ተነሥቶ ሃይማኖት መገመት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ለሙሉ መጣጥፍ የሚበቃ ነገር ከጠፋ፣ ያለውን አንድ ሁለት አንቀጽ ስለ ቅኝቱ ወይም ስለ ቡድኑ በተጻፈው መጣጥፍ ውስጥ አስገብቶ የከያኒውን ስም ወደዚያ ማመልከት ይቻላል፤ ምንጭ ሲገኝ ለብቻው ይወጣል።