የደን አስተዳደር ክትትል በኢትዮጵያ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የደን አስተዳደር ክትትል ዛፍ በመቁጠር አያበቃም። ደኑ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚወስንበት፣ ሕጉ መሬት ላይ መከበሩንና ገቢው ማን ኪስ እንደሚገባ በየጊዜው መዝግቦ ማየትም የሥራው አካል ነው። ኢትዮጵያ የደኗን ስፋትና ይዞታ በመለካት ጥሩ ርቀት ሄዳለች። አስተዳደሩን መለካት ላይ ግን ገና ብዙ ይቀራል።

የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደለማ ይነገራል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. መሬትን የመንግሥት ሲያደርግ ደኑም አብሮ ተጠቃለለ። «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የአገሪቱ መሬት ደን ነበር» የሚለው አባባል በየቦታው ይደጋገማል፤ በመለኪያ የተደገፈ አይደለም፣ የታሪክ ተመራማሪዎችም ሞግተውታል።

በደንብ የተመዘገበው ዘመን የሚጀምረው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እስከ 2008 ድረስ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ ብሔራዊ የደን ቆጠራ ተካሄደ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመላ አገሪቱ እያንዳንዳቸው አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆኑ የናሙና ቦታዎች ይመረጣሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ 20 ሜትር በ250 ሜትር የሆኑ አራት መደቦች ይከለላሉ። ባለሙያው ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ሜትሩን በግንዱ ዙሪያ ይጠመጥማል። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው ወገን ቆሞ ይለካል። ውፍረቱን፣ ቁመቱንና የዛፉን ዓይነት ይጽፋል። ከዚያ ወደ መንደር ወርዶ ነዋሪዎች ከደኑ ምን እንደሚጠቀሙ ይጠይቃል። ገደል ለገደል የሚያስኬድ፣ ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ነው። የአገሪቱ የደን ባለሙያዎች በብዛት የተማሩበት የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ሊኮራበት ይገባል።

በ2007 ዓ.ም. የደን ትርጉም ተቀየረ። ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር የዛፍ ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለው መሬት ደን ተባለ። የቆላ ቀርከሃና ጥቅጥቅ ያለው የቆላ ጫካም ገቡበት። በዚህ መሠረት ሽፋኑ ወደ 15.5 በመቶ ሆነ፤ ከዚያ በፊት የሚጠቀሰው 11 በመቶ ገደማ ነበር። «ትርጉሙን ቀይረው ቁጥሩን አሳደጉት» የሚሉ አሉ። ቁመቱ ዝቅ ሲደረግ የሽፋን መስፈርቱ ከ10 ወደ 20 በመቶ ከፍ ማለቱን ግን አያነሱም። ትርጉሙ ለአገሪቱ መልክዓ ምድር የሚስማማ ነው። ጥር 2008 ላይ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ባቀረበችው ሰነድ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ ወደ 92 ሺህ ሄክታር ደን እንደጠፋና ወደ 19 ሺህ ሄክታር አዲስ ደን እንደተጨመረ ገልጻለች።

በተቋም በኩል ደን ብዙ ቤት ቀያይሯል። ለረጅም ጊዜ እርሻ ሚኒስቴር ሥር ነበር። በ2005 ዓ.ም. ከአካባቢ ጥበቃ ጋር የጋራ ሚኒስቴር ተቋቋመለት፣ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 ደግሞ «የኢትዮጵያ ደን ልማት» ተብሎ ተመልሶ ወደ ግብርና ገባ። አካባቢ ጥበቃው ለብቻው ወጣ። ክትትል ዓመት ከዓመት ሳይቆራረጥ የሚያያዝ መዝገብ ይፈልጋል፤ ባለቤቱ ሲቀያየር መዝገቡን ማስቀጠል ከባድ ነው።

የአስተዳደር ክትትል በተግባር የታየው ከታች፣ ማኅበረሰቡ ዘንድ ነው። አሳታፊ የደን አስተዳደር በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ጊንጪ አጠገብ ባለው ጭልሞ፣ በቦንጋና በቦረና ተጀመረ። በአዳባ ዶዶላ ደግሞ ዋጂብ የተባሉት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ አይበልጥም፤ ስሌቱ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ገደማ ነው። መጀመሪያ ድንበሩ በእግር ይዞራል። ሽማግሌዎችና የወረዳው ባለሙያ አብረው ይሄዳሉ፣ የቱ ጋ እንደሚያልቅ ይስማማሉ። ቀጥሎ ደኑ ውስጥ ያለው ይመዘገባል፣ የአያያዝ ዕቅድና መተዳደሪያ ደንብ ይወጣል፣ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈረማል። በኋላ ሁለቱም ወገኖች በጋራ እየዞሩ ውሉ መከበሩን ያያሉ። ማን ቆረጠ፣ ማን ተቀጣ፣ ቅጣቱ ተከፈለ ወይ፣ ሁሉም እዚያ ይታወቃል። ለብሔራዊ ክትትል ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም። ይህ መረጃ ግን በአብዛኛው ወረዳ ፋይል ውስጥ ይቀራል። የሳተላይት ምስል ግን ቀጥታ አዲስ አበባ ይደርሳል።

አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት የደን ይዞታን በሕግ አወቀ። ማኅበረሰቡን በባለቤትነት ማወቁ ትልቅ እርምጃ ነው። ስንት ማኅበር የይዞታ ማረጋገጫ በእጁ ገባ የሚለው በየዓመቱ ለሕዝብ ሊገለጽ የሚገባው የመጀመሪያው መለኪያ ነው።

ጉዳዩ አሁን ገንዘብም አለበት። ኢትዮጵያ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ጋር በፈረመችው ውል ኦሮሚያ 4 ሚሊዮን ቶን የካርቦን ልቀት ከቀነሰች እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል። የተቀነሰው ልቀት በገለልተኛ ወገን ይረጋገጣል። ሬድ ፕላስ የተባለው፣ የደን መመናመንን በመግታት የካርቦን ልቀትን ለመቀነስ የተዘረጋው ዓለም አቀፍ ማዕቀፍ ደግሞ ከልኬቱ ጎን የማኅበረሰቡ መብት መጠበቁን የሚያሳይ የመረጃ ሥርዓት ይጠይቃል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ካንኩን በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ አገሮች ከተስማሙባቸው ነጥቦች አንዱ ነው። ስለዚህ የቀበሌው ኮሚቴ የሚይዘው የቅሬታ መዝገብ፣ የገቢ ክፍፍል ቃለ ጉባኤና የቅጣት ደረሰኝ ከካርቦኑ ልኬት እኩል ወደ ላይ መድረስ አለባቸው። ለዚህም በወረዳ ደረጃ አንድ ወጥ ቅጽ፣ ቅጹን የሚሞላ ሰውና የሥራ ማስኬጃ በጀት ያስፈልጋል።